አሮጌው የፑል ዱላ፦ ይታደስ፣ እንዳለ ይቅር፣ ወይስ አዲስ ይገዛ?

አሮጌ የፑል ዱላ ቤቱ ያለው ሰው ጭንቀቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ላድሰው? እንዳለ ልጫወትበት? ወይስ እሱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አዲስ ልግዛ? ዱላው ከአባት የቀረ ይሆናል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ፣ ወይም ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት በርካሽ የተገኘም ሊሆን ይችላል። ምርጫው ግን ያው ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለሁለት የሚፈታ ዱላ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። ኳስ የሚመታው የፊቱ እንጨት ነው። የምንወደው ደግሞ እጀታውን ነው። ጌጡ፣ የእንጨቱ ቀለም፣ የቀድሞው ባለቤት እጅ ያበሰው ቦታ ሁሉ እዚያ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ፊቱ ላይ ይውጣ። እጀታው በተቻለ መጠን አይነካ። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። እጀታውን አስፍቆ፣ ቫርኒሽ አስቀብቶ፣ መስታወት አስመስሎ ያመጣዋል። ከዚያ ጫፉ ላይ ባለው ባረጀና በጠነከረ ቆዳ ኳስ ይመታና «ይሄ ዱላ ድሮም አይረባም» ይላል።

ለመግባባት ያህል፦ «የፊቱ እንጨት» የምለው በጣታችን መሃል የሚያልፈውን ቀጭኑን ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ሜፕል ነው። ጫፉ ላይ ቆዳ አለ። ከቆዳው ሥር ያለችው ነጭ ቀለበት ፌሩል ትባላለች። የተለመደ የፑል ዱላ ወደ 147 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ከ510 እስከ 600 ግራም ይመዝናል፣ ጫፉ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። የናንተው ጫፍ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆኖ ፌሩሉ ናስ ከሆነ፣ የያዛችሁት የስኑከር ዱላ ነው። እሱ ሌላ ዓለም ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ከሁሉ በፊት ምርመራ

ዱላውን ፍቱትና ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንከባሉ። መስታወት ወይም እብነ በረድ ይሻላል። የፑል ጠረጴዛ ጨርቅ ለስላሳ ስለሆነ ያታልላል። የመገጣጠሚያው ቀለበት ከእንጨቱ ወፈር ብሎ ከወጣ ከጠርዙ ውጪ አድርጉት። እንጨቱ ሲንከባለል በሥሩ የሚያልፈውን ብርሃን ተመልከቱ። ብርሃኑ ካልተለዋወጠ እንጨቱ ቀጥ ያለ ነው። አንዴ ሰፍቶ አንዴ የሚጠብ ከሆነ ተጣሟል።

ምን ያህል መጣመም ያስጨንቃል? የእኔ መለኪያ የባንክ ካርድ ነው። የካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። የብርሃኑ ልዩነት ከዚያ ካነሰ ዝም ብላችሁ ተጫወቱ። ፑል ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ከተሰደሩት ዱላዎች ብዙዎቹ ከዚያ ይብሳሉ። ከዚያ ከበለጠ ግን እንጨቱን ለማቅናት አትድከሙ። በእሳት ሙቀት የሚሞክር አለ፣ ክብደት የሚጭን አለ፣ ጥግ ላይ አስደግፎ የሚጠብቅ አለ። ቢቀናም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጣመማል። የፊቱ እንጨት ከሆነ የተጣመመው፣ መፍትሔው መቀየር ነው።

ለየብቻ ሲንከባለሉ ቀጥ ያሉ ሆነው ሲገጠሙ የሚወዛወዙም አሉ። ያኔ የመገጣጠሚያውን ሁለት ፊት ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የደረቀ ቆሻሻ ወይም የሰም ቅሪት ነው። በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠርጉትና እንደገና ግጠሙት።

ቀጥሎ ድምፅ። ዱላውን ገጥማችሁ ከመሃሉ በሁለት ጣት ላላ አድርጋችሁ ያዙትና እጀታውን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። ዝርርር ካለ የላላ ነገር አለ። ሰው ይህን ሲሰማ መገጣጠሚያው ተሰነጠቀ ብሎ ይደነግጣል። ከመደንገጣችሁ በፊት የእጀታውን መጨረሻ ላስቲክ አውጡት። በብዙ ዱላዎች ከላስቲኩ በስተጀርባ ክብደት ለማስተካከል የገባ ብሎን አለ። እሱ በዕድሜ ይላላል። ረዘም ባለ ካቻቢቴ ወይም በአለን ቁልፍ አጥብቁት። ድምፁ ከጠፋ ጥገናው በነፃ አለቀ ማለት ነው። እግረ መንገዳችሁን፣ ዱላው ከብዷችሁ ከነበረ ያንን ብሎን በቀላል መቀየር እንደሚቻል አስታውሱ።

የማን ሥራ ነው?

ይህን ሳታውቁ የብርጭቆ ወረቀት አታንሱ። በተለይ ከአሜሪካ የመጡ የቆዩ ዱላዎች ሊያስደንቁ ይችላሉ። ብረንስዊክ በ1845 ሲንሲናቲ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ታይትሊስት የሚባሉት ባለ አንድ ወጥ ዱላዎቹ በየፑል ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ተራ ዕቃዎች ነበሩ። ሆኖም የእጀታቸው እንጨት አሠራር ጥሩ ስለነበር የእጅ ባለሙያዎች ቆርጠው ባለ ሁለት ክፍል ያደርጓቸው ነበር። ከነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ጆርጅ ባላቡሽካ ነው። ሩሲያ ተወልዶ በ1924 አሜሪካ የገባ እንጨት ሠሪ ነበር። በ1975 ከሞተ በኋላ ዱላዎቹ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ብርቅ ዕቃ የሚሸጡ ሆነዋል። የዚያን ዓይነት እጀታ በወረቀት ፍቆ ማሳመር ማለት ገንዘብ በወረቀት መፋቅ ነው።

እርግጥ የኛ ዱላ ባላቡሽካ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ግን በ1968 ባልቲሞር የተጀመረው ጆስ፣ የዊስኮንሲኑ ማክደርሞት ወይም የጃፓኑ አዳም ሊሆን ይችላል። እነዚህም ቢሆኑ በዋናው ቀለማቸው ሲቆዩ ይሻላሉ። የተጻፈ ስም፣ ፊርማ ወይም ምልክት ካለ በመጀመሪያ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱት። ከዚያ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

በተቃራኒው ደግሞ ርካሽ ዱላዎች አሉ። እጀታቸው ላይ ያለው ጌጥ እንጨት ተቆርጦ የገባ ይመስላል እንጂ የታተመ ተለጣፊ ነው። በማጉያ መነጽር፣ ወይም በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት። ትንንሽ የቀለም ነጥቦች ከታዩ የታተመ ነው። የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመሮች በጌጡ ውስጥ ካለፉ እውነተኛ ነው። ይህ ለምን ይጠቅማል? የታተመውን ዱላ «ልሙጥ ላድርገው» ብላችሁ ከፈቃችሁት ጌጡ በሙሉ አብሮ ይሄዳል። የሚቀረው ራቁቱን የቆመ ሜፕል ነው።

አንደኛው ምርጫ፦ ማጽዳት ብቻ

እንጨቱ ቀጥ ካለ፣ ፌሩሉ ካልተሰነጠቀ፣ መገጣጠሚያው ካልተወዛወዘ ከዚህ አትለፉ። ወጪው ከምሳ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

የፊቱ እንጨት ሰማያዊ የሆነው ጠመኔ ከላብ ጋር ተደባልቆ ስለገባበት ነው። በደረቅ ጨርቅ አይለቅም። ውሃ ያልበዛበት አልኮል ትንሽ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ወደ ርዝመቱ ጥረጉት። በአንድ ጊዜ ነጭ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ትንሽ ሰማያዊ ጥላ መቅረቱ ዱላው መጫወቻ እንደነበር ይመሰክራል። ሙሉ በሙሉ ላንጣው ብሎ የሚታገል ሰው መጨረሻው ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ነው። እዚያ ላይ ነው ጥፋቱ የሚጀምረው። የተፋቀ እንጨት አይመለስም። 13 ሚሊ ሜትር የነበረ ጫፍ ከጥቂት «ጽዳት» በኋላ 12 ከግማሽ ይሆናል፣ ፌሩሉና እንጨቱ መሃል ደረጃ ይፈጠራል፣ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። ወረቀት ካስፈለገ ከቁጥር 1000 በላይ ይሁን፤ እሱም በስሱ።

ሰርጎድ ያሉ ቦታዎች ላይ ግን ወረቀት አያስፈልግም። ዱላው ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ እንጨቱ ይጨመቃል እንጂ አይጎድልም። የተጨመቀ እንጨት ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይነፋል። የጥፍር ስፋት ያላት ጨርቅ አርሱና ስርጉዱ ላይ ብቻ አስቀምጡ። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ የሻይ ማንኪያ ጀርባ አሙቁና በጨርቋ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጉት። ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይወጣል። ጨርቋን ስታነሱ ስርጉዱ ከፍ ብሎ፣ እንዲያውም ትንሽ አብጦ ታገኙታላችሁ። አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ በስሱ ወረቀት አንድ ሁለት ጊዜ አለፍ አድርጉበት። በጣት ዳስሳችሁ ቦታውን ካጣችሁት ተሳክቷል። ይህ የሚሠራው ለተጨመቀ እንጨት ብቻ ነው። የተቆረጠ ወይም የተፈነቀለ ከሆነ አይነፋም።

በመጨረሻ የፊቱን እንጨት በደረቅ ቆዳ አጥብቃችሁ እስኪሞቅ ፈትጉት። ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ይለሰልሳል። ስስ የሰም ቅብ ከጨመራችሁ ይበቃል። የወንበርና የበር ቫርኒሽ የፊት እንጨት ላይ አይቀባም። እጅ ይይዛል፣ በላብ ይጣበቃል።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ቆዳውንና ፌሩሉን መቀየር

አንድ ነገር ብቻ የመቀየር ገንዘብ ካላችሁ ቆዳው ነው። ያለ ጥርጥር። ከዱላው ሁሉ ኳሱን የሚነካው እሱ ብቻ ነው፤ የንክኪውም ጊዜ አንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓመታት ሳይነካ የቆየ ቆዳ ይደርቃል፣ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ ጠመኔ አይዝም። ነጯን ኳስ በጎኗ መታችሁ ልታሾሩ ስትሉ ሸርተት ይልና ጉድ ይሠራችኋል።

(ቆዳ የሌለው ዱላ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። ቆዳውን በማስለመድ ስሙ የሚነሳው ፈረንሳዊው መኮንን ፍራንሷ ሚንጎ ነው። በ1807 አካባቢ እስር ቤት ሆኖ ነው ይባላል የሞከረው። ኳስ አሹሮ ወደ ኋላ መመለስ እንደ ልብ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።)

ገበያ ላይ ያሉትን ቆዳዎች በሦስት ልከፍላቸው እችላለሁ። ለስላሳ ተጨምቀው የተሠሩት፣ ለምሳሌ ኤልክ ማስተር፣ ጠመኔ ጥሩ ይይዛሉ። ዋጋቸውም ቀላል ነው። ግን ቶሎ ይዘረጋሉ፣ ጫፋቸው እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፣ በየጊዜው መከርከም አለባቸው። መካከለኛና ጠንከር ያሉት፣ ለምሳሌ ትራያንግል፣ ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ሦስተኛዎቹ ስስ ቆዳ በላይ በላዩ ተደራርቦ የተሠሩት ናቸው፤ የጃፓኖቹ ካሙይና ሞሪ ይታወቃሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ልዩነታቸው ትንሽ ነው፣ ዕድሜያቸውም ጥሩ ነው። ዋጋቸው ግን ከተጨመቁት ብዙ እጥፍ ነው። ለአሮጌ ዱላ እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ነው። ርካሽ ስለሆነ በድፍረት ትሞክሩታላችሁ፣ ካልወደዳችሁት ታነሱታላችሁ። የሃያና የሠላሳ ዶላር ቆዳ የሚገባው፣ ዱላው አብሯችሁ እንደሚቆይ ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው።

ቆዳውን ራሳችሁ መለጠፍ ትችላላችሁ። የድሮው ቆዳ በስለት ይነሳል፣ የፌሩሉ ፊት ፍጹም ጠፍጣፋ እስኪሆን ይጸዳል፣ ወፈር ያለ ሱፐር ግሉ ይደረጋል፣ ተጭኖ ይቆያል። ከባዱ መለጠፉ ሳይሆን ጎኑን መከርከሙ ነው። ስለቱ ፌሩሉን ከነካ ጠባሳው ይቀራል። ስለዚህ ፌሩሉን በወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉት። ይህን ማድረግ የማትወዱ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ባለሙያ ከ15 እስከ 40 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ በማሽን ስለሚሠራውም ውጤቱ ንጹሕ ነው።

ፌሩሉ ከተሰነጠቀ ይቀየር። ቢጫ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ተዉት። አሮጌ ፌሩል ቢጫ መሆኑ ያምርበታል።

ሦስተኛው ምርጫ፦ አዲስ የፊት እንጨት ለአሮጌው እጀታ

እንጨቱ የተጣመመ፣ የቀጠነ ወይም የጠፋ ከሆነ ይህ ከሁሉ ብልህ መንገድ ነው። እጀታው እንዳለ ይቆያል፣ አሮጌው የፊት እንጨት ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አዲሱ ይሠራል። ነገ ብትሸጡት ወይም ለልጃችሁ ብትሰጡት ሁለቱንም አብራችሁ ትሰጣላችሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ ሁለቱን ክፍሎች የሚያያይዘው ብሎን ነው። መገጣጠሚያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በተመሳሳይ ውፍረት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ያለው አለ፣ 18 ጥርስ ያለውም አለ። በዓይን አይለዩም። ጥቂት ዙር ከገባ በኋላ ከጠበቀ አታስገድዱት፤ የውስጡን ጥርስ ትበሉታላችሁ። ብሎኑ ላይ ገዥ አስጠግታችሁ ጥርሶቹን ቁጠሩ፣ የመገጣጠሚያውን ስፋት በካሊፐር ለኩ፣ ከዚያ እዘዙ። ብረት ለብሶ ጉድጓድ ያለው መገጣጠሚያ ነው ወይስ ጠፍጣፋ? ይህንንም ለሻጩ ንገሩት።

ከዚያ ዓይነቱ ይመጣል። ተራው ሜፕል አሮጌውን እጀታ የሚመስል ስሜት ይሰጣል። ከ100 እስከ 250 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ነጯን ሲመታ መስመር እንዳታስት ተብሎ ጫፉ የቀለለ እንጨት ነው። ሦስተኛው ካርቦን ፋይበር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ300 ዶላር ይጀምራል።

የጫፉ መቅለል ለምን ይጠቅማል? ነጯን በቀኝ ጎኗ ስትመቱ ዱላው ወደ ግራ ይገፋታል። ኳሷ ካነጣጠራችሁበት መስመር ትንሽ ወደ ግራ ትወጣለች። የግፊቱ መጠን የሚወሰነው በዱላው ጫፍ አካባቢ ባለው ክብደት ነው። ጫፉ ሲቀልል ዱላው ራሱ ገለል ይልላታል፣ ኳሷ ወደ መስመሩ ትቀርባለች። በ1990ዎቹ ፕሬዳተር ይህን ሐሳብ ይዞ ገበያ ገባ፤ ዛሬ ሁሉም ይሠራዋል።

ጥሩ ነው ታዲያ? ለአዲስ ተጫዋች አዎ። ለዓመታት በተራ ሜፕል የተጫወተ ሰው ግን ሳያውቀው እጁ ያንን ስህተት ማካካስ ለምዷል። ቀለል ያለውን ሲይዝ ለሳምንታት ኳስ ይስታል። ከዚያ ዱላውን ይወቅሳል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች» እንዲሉ፣ ባለሙያዎች ካርቦን ያዙ ተብሎ ብቻ ወደዚያ አይሮጥም።

ካርቦን የማያከራክር አንድ ጥቅም አለው። አይጣመምም፣ ሰማያዊ አይሆንም፣ በአንድ ጠረጋ ይጸዳል። በየጊዜው በተለያየ አየር ውስጥ ለሚዘዋወር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን በ1970ዎቹ እጀታ ላይ ጥቁር ካርቦን መግጠም ለዓይን ይከብዳል፤ ድምፁም ይለወጣል፣ የክብደት ሚዛኑም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል። የአባታችሁን ዱላ ለስሜቱ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ሜፕል ግጠሙለት። ውድድር ለማሸነፍ ከሆነ ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አሮጌ እጀታም አያስፈልጋችሁም።

አራተኛው ምርጫ፦ ሙሉ እድሳት

እዚህ ላይ እጄን እሰበስባለሁ። ሙሉ እድሳት ማለት የእጀታው ቅብ ተፍቆ ይነሳል፣ ስንጥቁ ይሞላል፣ እጀታው ላይ የተጠመጠመው ክር ይቀየራል፣ አዲስ ቅብ ይለብሳል። በአሜሪካ ዋጋው ከ150 እስከ 300 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ወራት የሚያስጠብቁ ባለሙያዎችም አሉ። ትክክለኛ ምርጫ የሚሆነው ቅቡ ተልጦ እንጨቱ እርጥበት መጠጣት ሲጀምር ነው። ወይም ደግሞ ዱላው ስምም ዋጋም የሌለው ሆኖ እናንተ ብቻ ስትወዱት።

ከዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ ለብቻው ሊሠራ የሚችለው የእጀታው ጥምጥም ነው። አሮጌዎቹ በአብዛኛው የአየርላንድ የተልባ ክር ናቸው። ሲቆሽሽና ሲላላ መቀየር ይቻላል፤ ከእንጨቱ አንዳች አይቆረጥም። ቆዳ ማልበስ የሚያምራቸው አሉ። ያዝ ያደርጋል፣ ላብ ይችላል። ነገር ግን ቆዳ ከክር ይወፍራል። እኩል እንዲሆን እንጨቱ ጠለቅ ብሎ መቆረጥ አለበት። ያ አይመለስም። ክሩ ይሻላል።

ማን ይሥራው?

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ዱላ ብቻ የሚጠግኑ ሰዎች ታገኛላችሁ። ትልልቅ ፑል ቤቶች ውስጥ ብትጠይቁ አንዱ ይጠቁማችኋል። ከመስጠታችሁ በፊት፣ ቀድሞ የሠራውን አሳየኝ በሉት። የሚጠበቅበትን በወረቀት ጻፉለት። በተለይ «የፊቱ እንጨት ውፍረት አይቀነስ» የሚለውን። ብዙ ባለሙያ ለማስዋብ ብሎ ስስ አድርጎ ያልፈዋል፤ በኋላ ትቆጫላችሁ።

አዲስ አበባ ላይ ፑል ቤት የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ቆዳ የሚለጥፍ ሰው ፑል ቤቱ ውስጥ ራሱ ይገኛል። ከባዱን ሥራ ግን ወደ ቶርኖ ቤት ይዞ መሄድ ይቀናናል። ተጠንቀቁ። የብረት ቶርኖ መንጋጋ እንጨት ይጨፈልቃል። መሣሪያውም ባለሙያውም ለብረት ነው የለመዱት። የግድ ከሆነ እንጨቱ በወፍራም ጎማ ወይም በፕላስቲክ ቀለበት ይጠቅለል፤ እናንተም አጠገቡ ቁሙ። ከዚያ ይልቅ የምመክረው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ተሠርቶ ያለቀ የፊት እንጨት እንዲያመጣላችሁ ማድረግ ነው። ልኩን ለክታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት።

የሚያመጣው ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። የአሜሪካ አየር መንገድ ፍተሻ የፑል ዱላ በእጅ ሻንጣ አያሳልፍም፤ ካርጎ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ሁለተኛው፣ በጣም አሮጌ ዱላ ከሆነ ፌሩሉ ወይም ጌጡ የዝሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1990 ጀምሮ ታግዷል። አሜሪካም በ2016 ሕጉን ይበልጥ አጠበቀች። ፈቃድ ሳይኖረው ድንበር የሚሻገር ዱላ ሊወረስ ይችላል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካለ ዱላው ያለበት ይቆይ።

አምስተኛው ምርጫ፦ እሱን አሳርፎ አዲስ መግዛት

በሦስት ምክንያት ይህን እመርጣለሁ። እጀታው ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ። የታወቀ ባለሙያ ሥራ ሆኖ መጫወት ዋጋውን የሚያወርደው ከሆነ። ወይም ቢሰበር የማትጽናኑበት ከሆነ። ፑል ቤት ሰው ይገፋፋል፣ ቢራ ይፈሳል፣ «እስቲ አንዴ ልምታበት» የሚል አይጠፋም። እምቢ ማለት የሚከብዳችሁ ከሆነ ዱላው ቤት ይዋል።

ለአዲስ ዱላ ከ100 እስከ 200 ዶላር ያለው ክልል ለአብዛኛው ሰው ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት በአመዛኙ ለጌጥ ነው። አሮጌውን የምትወዱበት አንድ ምክንያት ክብደቱ ወይም የጫፉ ውፍረት ከሆነ ግን መዝናችሁ ለክታችሁ ተመሳሳዩን ግዙ። እጅ ያንን ወዲያው ያውቀዋል።

ከታደሰ በኋላ መጫወት

አዲስ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ይዘረጋል። ከፌሩሉ ጎን ወጣ ያለውን ከርክሙት፣ ጫፉን ድቡልቡል አድርጉት። ይህን ያልጠበቀ ሰው «ቆዳው ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል።

መክፈቻውን በአሮጌው ዱላ አትምቱ። የተደረደሩትን ኳሶች የሚበትነው ምት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ፌሩሉንና መገጣጠሚያውን ያናጋል። የፑል ቤቱን ዱላ አንሱና በትኑ፤ ከዚያ የራሳችሁን ግጠሙ። ኳስ የሚያዘልል ምትም እንደዚያው። ተሸናፊ ይከፍላል በሚባልበት ጨዋታ ይህን ስታደርጉ ሰው ያሾፍባችሁ ይሆናል። ያሹፍ።

አየሩም ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በጋው ደረቅ ነው፣ ክረምቱ እርጥብ። ዋሽንግተን ደግሞ በሙቀቱ ወራት ትታፈናለች፣ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል። እንጨት ይህን ሁሉ ይሰማል፤ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ከመጣ ሳምንት ያህል ሳትጫወቱበት ቦርሳው ውስጥ ይረፍ። ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አትተዉት። ፍቱትና ወይ አጋድሙት፣ ወይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ፀሐይ ላይ ማዋል ከሁሉ የከፋው ነው፤ ያኔ መጣመሙን በባንክ ካርድ መለካትም አያስፈልግም።